በቀዮቹ መካከል አንድ አረንጓዴ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፦ በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የከተማው ደም ባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ነገሩን በጥልቀት ከመረመሩና ሥልጣናቸው የሚፈቅድላቸው መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ በደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ምሳ ዕቃ ማስቀመጥን በይፋ ከለከሉ። ማስታወቂያው ፊርማ ነበረው። ፊርማው ላይ ማኅተም ነበረበት፤ ማኅተሙ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ማኅተም። ማንም ሠራተኛ ፓስታውን ይዞ ከሕግ ሊያመልጥ አይችልም ነበር።

ሠራተኛው ማስታወቂያውን አንብቦ ሳቁን ሳይጨርስ፣ ከዚያው ማቀዝቀዣ አንድ ከረጢት ደም መጥፋቱ ታወቀ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የላቦራቶሪ ኃላፊዋን ማቀዝቀዣው በር ላይ እንደ ግብ ጠባቂ ቆማ አገኛት። ሠራተኛው «ወንፊት» ይላታል። በእሷ በኩል ሳይጣራ የሚያልፍ ነገር የለም፤ ወሬ እንኳ ከእሷ ጆሮ ገብቶ ሲወጣ ገለባው ተለይቶ ነው ይባላል።

«ማንም እንዲነካ አላደረግኩም» አለችው። «እኔም አልነካሁም።»

«ፖሊስ የጠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ኮሚቴ ይቋቋም ብለው ነበር።»

«ለጠፋ ደም?»

«ለጠፋ ማንኪያም ኮሚቴ አቋቁመናል። ኮሚቴው አሁንም ይሰበሰባል፤ ማንኪያው ግን አልተገኘም።»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ ሲል የሴትየዋን ፊት አየና ተወው። ቀልዱን ያወራችው ከንፈሯ ብቻ ነበር።

«እስቲ እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ።»

«ደም እዚህ ቤት ሦስት ማቀዝቀዣ አለው» አለች። «እንደተለገሰ መጀመሪያ ውጤት የሚጠብቅበት ውስጥ ይገባል። እኔ ናሙናውን ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለቱ የጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ እመረምራለሁ። ከአራቱም ነጻ ከሆነ አረንጓዴ ምልክት ለጥፌ ወደዚህኛው አዛውረዋለሁ፤ ከዚህ ወደ ሆስፒታል ነው የሚወጣው። አንዱ እንኳ ከተገኘበት ቀይ ለጥፌ ወደ ማስወገጃ ክፍል። ከዚያ ወደ እሳት።»

«የጠፋው?»

«አረንጓዴ። ትናንት በገዛ እጄ የለጠፍኩበት።»

«የማን ደም ነው?»

«እሱን አይጠይቁኝ። እኔ ቁጥር ነው የማየው፤ ሕጉም እሱ ነው።»

«እሺ፣ ከዚህ ሁሉ ከረጢት ሌባው ይቺን ምን አስመረጠው?»

«ኦ ኔጋቲቭ ናት። ይህ ደም ለማንም ይሰጣል፤ ከራሱ ዓይነት በቀር ግን ከማንም አይቀበልም። የነበረችን እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቀዶ ጥገና ለምትወልድ ሴት ተይዛለች። የእንግዴ ልጁ ወርዶ የማህፀኗን በር ዘግቶታል፤ ሲከፍቷት መድማቷ አይቀርም። ባሏ መምህር ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እኛ ግቢ ሲመላለስ…»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ቀጭን ነው? ሲናደድ መነጽሩን የሚያወልቅ?»

«ያውቁታል?»

«እህቴን ነው ያገባው።»

መርማሪ የዘመዱ ጉዳይ ሲገጥመው ለሌላ አስረክቦ ይነሳ ይላል ደንቡ። ኢንስፔክተሩ ግን ቢነሳም የሚሄድበት አልነበረውም። እህቱ ከእሱ ቀጥላ የተወለደች፣ «ወንድም ጋሼ» የምትለው ብቸኛዋ ሰው ናት። የእሱ ደም ደግሞ ፖዘቲቭ ነው፤ ለእሷ አይሆናትም።

*

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ቀለሙ አይታይም፤ ሙሉውን ፎቶ ሸፍኖታል። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ሲቆርጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ችግኝ ሲያጠጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ሌላ የሥራ አስኪያጁን ፎቶ ሲመርቁ። ሠራተኛው በሌሉበት «ክቡር ካሜራ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በትልቁ ክፈፍ ውስጥ ያለው አዲሱ ፎቶ ነው፦ አልጋ ላይ ጋደም ብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ሲሰጡ። ደማቸው ወደ ከረጢቱ፣ ፈገግታቸው ወደ ካሜራው ይፈስሳል።

«ባለፈው ሳምንት ያከበርነው የልገሳ ቀን ነው» አሉ፣ ኢንስፔክተሩ ፎቶውን ሲያይ አይተው። «እንግዶች ነበሩ፣ ቴሌቪዥን ነበረ። ሠራተኛው በሙሉ ሰጠ። ቀዳሚው እኔ ነኝ። መሪ ማለት እኮ ለማንም የሚሰጥ፣ ከማንም የማይቀበል ነው።»

ኢንስፔክተሩ ይህን አልጻፈውም። እንዲህ ያለውን ንግግር አንዴ መጻፍ ከጀመሩ ደብተር አይበቃም።

«ስለ ጠፋችው ከረጢት ምን ያውቃሉ?»

«መጥፋቷን። ለመሆኑ አንዲት ከረጢት ናት፤ ነገሩን ባናጦዘው። ተቋሙ ስም አለው።»

«የምትጠብቃት ሴት እህቴ ናት።»

ሥራ አስኪያጁ የውሃ ብርጭቆ ሊያነሱ የዘረጉት እጅ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ግንባራቸው ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ እየገባ፣ ላብ ችፍ አለ።

«እህትዎ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለእህትዎ ደም ይደርሳል።»

«ከየት?»

«ይደርሳል አልኩ እኮ!»

ሰውየው ሲቆጡ እንኳ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ነበር። ኢንስፔክተሩ «ፎካሪ» ብሎ በልቡ ፈረጃቸውና ወጣ።

*

በር ላይ ያሉት ዘበኛ የጡረታ ዕድሜያቸውን አልፈው አሁንም የወታደር ሰላምታ የሚሰጡ ሰው ናቸው። ኢንስፔክተሩን ሲያዩ ተነሱ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ መጣህልኝ። ሌባው ከውስጥ ነው።»

«ምን ያውቃሉ ጋሼ?»

«ፓስታዬን በልቶታል።»

«እኔ ስለ ደሙ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ደሙማ ሁሉም ይጠይቃል። ስለ እኔ ፓስታ የሚጠይቅ ነው የጠፋው።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። እህቱ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የምትገባበት ጊዜ እየቀረበ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ፓስታ ይነጋገራል። ትንፋሹን ዋጠ።

«ከጠዋት ጀምሮ ማን ምን ይዞ ወጣ?»

«ነፋሱ ወጥቷል። ሹፌሩ ነው፣ ነፋሱ የምንለው። ጎህ ሲቀድ በሥራ አስኪያጁ መኪና አይስ ቦክስ ጭኖ በረረ። ወዴት ብለው እጁን አውለበለበልኝ። እስካሁን አልተመለሰም።»

«አይስ ቦክሱን ከፍተው አዩት?»

«የአለቃ መኪና እከፍታለሁ? እንጀራዬን ነው የምዘጋው። ከዚያ ያ መምህር መጣ፣ ጮኸ፣ ሄደ። ከዚያ ማስታወቂያው ተለጠፈ። አቤት ያን ጊዜ ያየሁት ጉድ! ለብዕር እንኳ ሰው የሚጠሩ ሰውዬ፣ የሠራተኛውን ምሳ ዕቃ ከማቀዝቀዣ እያወጡ በየጠረጴዛው ሲደረድሩ። በገዛ እጃቸው! የሁሉም ምሳ ደረሰው። የእኔ ትልቋ ምሳ ዕቃ ብቻ ባዶዋን መጣች።»

«ለሥራ አስኪያጁ አልነገሯቸውም?»

«ለሚስታቸው ልነግር አስቤ ነበር። ወንፊት ሚስታቸው አይደለች? እዚህ አንቱ ትላቸዋለች፣ ቤት ማን ማንን እንደሚያስተዳድር ግን ጎረቤት ያውቃል። ደም ጠፋ ብላ ስትሯሯጥ ሳያት ዝም አልኩ። ሆድ ይችላል።»

በዚህ መሃል መምህሩ መጣ። የለስላሳ መሸጫ አይስ ቦክስ በሁለት እጁ አቅፏል። ኢንስፔክተሩ ሰላም ሳይለው ክዳኑን ከፈተ። በረዶ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን ነው የምትፈትሸው?»

«ሁሉንም ነው። ትናንት ‹ካልሰጣችሁኝ ሰብሬ እወስዳለሁ› ብለሃል አሉ።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ብያለሁ። ሰብሬ ወስጄው ቢሆን ኖሮ አሁን ከእሷ አልጋ አጠገብ ነበርኩ እንጂ እዚህ ከአንተ ጋር በረዶ አልቆጥርም።»

እውነቱን ነው። ኢንስፔክተሩ አፈረ፤ ማፈሩን ግን ለሌላ ቀን አስተላለፈው።

«እንዴት ናት?»

«ትስቃለች። ‹ወንድም ጋሼ ካልመጣ ልጁን በስሙ አልሰይምም በለው› አለችኝ። እጇን ስይዛት ግን በረዶ ነው። ሐኪሙ ደሙ ሳይመጣ አልጀምርም ብሏል፤ ከደማች ግን መጠበቅ የለም።»

*

ነፋሱ ስልኩ ዝግ ነው። ኢንስፔክተሩ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ በከተማዋ መውጫ ላሉ ፖሊሶች ሁሉ አስደወለ፦ የሥራ አስኪያጁን መኪና አቁሙ፣ ሹፌሩን ያዙ፣ አይስ ቦክሱን አትልቀቁ። አሁን ግቢው ሁሉ ሌባውን አውቆታል። ካሸሪዋ ነፋሱ አዲስ ጫማ መግዛቱን አስታወሰች። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ነፋሱ ከዚህ በፊትም ሲስቅ እንዳላማረው ተናገረ። ሰው አንዴ ከተጠረጠረ ሳቁም ማስረጃ ነው።

ኢንስፔክተሩ ደሟ ከቅዝቃዜ ውጭ ምን ያህል እንደምትቆይ ሊጠይቅ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። ወንፊት ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ሌሎቹ ስልኮች ጥቁር ናቸው፤ ይሄ ነጭ ነው። አነሳችው፤ ሰላም እንኳ አላለችም።

«ቁጥርዎን ብቻ ይንገሩኝ» አለች። ሰማች። «አመሰግናለሁ።» ዘጋችው፤ ተነስታ ውጤት ከሚጠብቅበት ማቀዝቀዣ አንድ ከረጢት አውጥታ ቀይ ለጠፈችበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰው ሲለግስ ብቻውን አይደለም። አለቃው አለ፣ ጓደኛው አለ፣ አንዳንዴ ካሜራ አለ። ‹የእኔ ደም አይሆንም› ማለት ያፍራል። ስለዚህ ሰጥቶ ይሄድና በኋላ ይደውላል፣ ቁጥሩን ይናገራል። ስም የለም፣ ለምን የለም። እኔ ቀይ እለጥፋለሁ፤ አለቀ።»

«ምርመራው ካለ ስልኩ ለምን ያስፈልጋል?»

ወንፊት ወንበሯን ሳበች። «ወንፊት እንደሚሉኝ ነግረውዎታል አይደል? ወንፊትም ቀዳዳ አለው። ቫይረስ ሰው ላይ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች፣ አንዳንዴም ሳምንታት፣ መሣሪያዬ አያየውም። ደሙ ውስጥ አለ፤ መሣሪያው ግን ነጻ ነው ይለኛል። እኔም አምኜው አረንጓዴ እለጥፋለሁ። ሰውየው ያንን ሰሞን የት እንደነበረ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። የምፈራው ቀዩን አይደለም፤ ቀዩ እሳት ውስጥ ይገባል። እንቅልፍ የሚነሳኝ አረንጓዴው ነው።»

«ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳዋል?»

«ከእኔ በቀር ማንም። ድምፅም ሚስጥር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አንድ ነገር ልቡን ቧጠጠው፤ ምን እንደሆነ ሳይይዘው ሽንኩርት ሸተተው።

መድኃኒት እንጂ ሌላ የማይሸትበት ኮሪደር ነው። ሽታውን ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ። «ማስወገጃ» የሚል በር። ሠራተኛው በዚህ በር ሲያልፍ በተቃራኒው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ውስጡ አንድ ማቀዝቀዣና ለተበከለ ዕቃ መጣያ የሚሆን ቢጫ በርሜል አለ። ኢንስፔክተሩ የበርሜሉን ክዳን በእስክሪብቶው ጫፍ አነሳ።

ዘበኛው ተጠሩ። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እሱ ነው» አሉ። «ካሮቱን የምከትፈው እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሳይነካ ነው የሞተው።»

«አልተበላም?»

«ሹካ አላረፈበትም።»

የሰው ምሳ ሰርቆ የማይበላ ሌባ! ሰውየው የፈለገው ፓስታውን ሳይሆን ምሳ ዕቃውን ነው። ትልቁን፤ ከረጢት የሚደበቅበትን። ፓስታውን እዚህ ደፋው፤ እዚህ የደፋው ከረጢቷን በምሳ ዕቃው ደብቆ ያመጣት ወደዚህ ስለሆነ ነው።

«ይህን ማቀዝቀዣ ማን ፈተሸው?»

ወንፊት ተከትላው መጥታ ነበር። «ማንም» አለች። «ቁልፍ እንኳ የለውም። ፍርሃት ይበቃዋል።»

ጓንቷን አጥልቃ ከፈተችው። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፤ በአንዱ ረድፍ ቀይ፣ በሌላው ቀይ። ከታች፣ ከኋላ፣ በሁለት ቀዮች መካከል ተሸጉጣ አንዲት አረንጓዴ።

*

ወንፊት ከረጢቷን ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠቻት። እሽጉ አልተነካም። ማቀዝቀዣው እንደ ሌላው ያው ቅዝቃዜ ነው፤ ደሟ አልተጎዳችም። ሥራ አስኪያጁ ወሬው ደርሷቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው መምህሩ፣ ስልክ ጆሮው ላይ።

«አስገብተዋታል!» አለ መምህሩ። «መድማት ጀምራለች። ሐኪሙ ደሙ የት ደረሰ ይላል። ምን ልበለው?»

ሁሉም ወንፊትን አዩ።

«በአራቱም ነጻ ናት» አለች። «ምርመራዬን አምነዋለሁ። መሄድ ትችላለች።»

ኢንስፔክተሩ ከረጢቷን ተመለከተ። የተፈለገችው ደም ተገኝታለች፣ እህቱ እየደማች ነው፣ ቀሪው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱ ግን መልሶ የቀዮቹን ረድፍ አየ። ሊሸጣት የፈለገ ሰው አውጥቶ ይሄድ ነበር እንጂ ከሚቃጠሉት ጋር አያስተኛትም። ቂም ያለው ሰውም ይደፋት ነበር። ንጹሕን ደም ከተኮነኑት መካከል የሚያስቀምጥ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ መሣሪያው የማያውቀውን የሚያውቅ። ያ ሰው ወደ ነጩ ስልክ መደወል ሲችል አልደወለም።

ይህ ግን ግምት ነው። በግምት እህቱን ደም መከልከል ይችላል? ቢሳሳትስ? ሰውየው እዚህ ካለ ደግሞ አንድ መንገድ አለ። ኢንስፔክተሩ በሕይወቱ እንደዚያ የፈራበት ጊዜ የለም።

«እሸጉለት» አለ። «ይውሰዳት።»

ወንፊት ከረጢቷን በበረዶው መካከል አስተኛችና ክዳኑን ዘጋች። መምህሩ አቀፈው። ከጠረጴዛው እስከ በሩ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ኢንስፔክተሩ ግን የእያንዳንዱን ኮቴ ድምፅ በጥርሱ ሰማው። ማንም ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብሎ ለራሱ ምሏል። መምህሩ በሩ ደረሰ። ኢንስፔክተሩ አፉን ከፈተ።

«ቁም።»

የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነው፤ እጃቸው አይስ ቦክሱ ክዳን ላይ ወድቋል። ያለ ፈገግታ የተነሱት ፎቶ ቢኖር ይህንን ይመስል ነበር።

«ይህ ደም አይሄድም» አሉ።

«እህትህ እየደማች ነው ጋሼ!» አለ መምህሩ፤ የሥራ አስኪያጁን ኮት ይዟል። «ምን እያየህ ነው? ንገረው!»

«እኔ ነኝ የመረመርኩት» አለች ወንፊት። «ነጻ ነው ብያለሁ። ለምን ያቆሙታል?»

«ሌላ እየመጣ ነው። ሹፌሩ ከጎረቤት ከተማ ባንክ ይዞ እየመጣ ነው። አሁን ይደርሳል።»

«መቼ ነው የላኩት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

የመለሱት ከኮሪደሩ ዘበኛው ናቸው። «ጎህ ሲቀድ ነው ብዬሃለሁ እኮ ልጄ።»

«ከረጢቷ መጥፋቷ የታወቀው ረፋድ ላይ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «እርስዎ ገና ላልጠፋ ደም ምትክ ልከዋል። ሌሊቱን ‹ዛሬ ለወላድ ትወጣለች› የሚለውን ሲያስቡ አደሩ፤ ጠዋት ሹፌር ላኩ፤ ከዚያ ማስታወቂያ ለጠፉ። ምሳ ዕቃ እያወጡ ሲመላለሱ ማን ያያል? ለማንም የሚሰጥ፣ ከማንም የማይቀበል፤ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልጻፍኩት።»

ሥራ አስኪያጁ አላስተባበሉም። እጃቸውን ከክዳኑ ላይ አላነሱም።

ከዚያ የመጣውን ጊዜ ኢንስፔክተሩ በኋላ ሊያስታውሰው አልፈለገም። መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩ ውስጥ «እየመጣ ነው፣ እየመጣ ነው» ይላል፤ ለሐኪሙ ይሁን ለራሱ አይታወቅም። ወንፊት ባሏን ታያለች። ባሏ ወለሉን ያያል።

በመጨረሻ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ነፋሱ አይስ ቦክሱን ተሸክሞ እየሮጠ ገባ፤ አዲስ ጫማው ጭቃ ነክቶታል።

«በፖሊስ ነው የዘገየሁት!» አለ ገና ከበሩ። «መውጫው ላይ አቁመው፣ ‹አይስ ቦክሱ አይነካም፣ ትእዛዝ ይጠበቃል!› ትእዛዙ ግን ማን ጋ እንዳለ አያውቁም። ስልኬን ደግሞ ባትሪው ገደለብኝ። ለምኜ፣ አልቅሼ ነው ያለፍኩት። ማን ነው ለመሆኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው ደንቆሮ?»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ወንፊት ከረጢቱን አየች፣ ዓይነቱን አረጋገጠች፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ነፋሱና መምህሩ እየሮጡ ወጡ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘበኛው በሩን ሳይጠየቁ ከፈቱ።

*

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተሩ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። መምህሩ የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ አልለየም።

«ሴት ናት» አለ በመጨረሻ። «በስምህ አትጠራም፣ ተረፍክ።»

«እሷስ?»

«አለች። ደሙ እየገባላት ነው። ከንፈሯ መልክ ይዟል። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ… አልነግርህም። ና ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በላቦራቶሪው የቀሩት ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ ሥራ አስኪያጁና ወንፊት። አረንጓዴዋ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ናት።

«በየትኛው አንቀጽ እንደምከስዎ አላውቅም» አለ። «ከረጢቷ የመንግሥት ናት፤ ደሙ ግን የእርስዎ ነው። የጠፋ ንብረት የለም፤ ከአንድ ፓስታ በቀር።»

ሥራ አስኪያጁ ከረጢቷን አዩ።

«ስልክ መደወል ይችሉ ነበር። ስም አይጠየቅም፤ ለምን አይባልም።»

ሰውየው ቀና ብለው ነጩን ስልክ አዩ። ከዚያ ስልኩን ዘወትር የምታነሳውን እጅ። ኢንስፔክተሩም የዚያን ጊዜ ጥያቄው ሁሉ ተመለሰለት፤ የቀረው ጥያቄ ደግሞ የእሱ አልነበረም። ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ። በሩን ሊከፍት ሲል ወንፊት መናገር ጀመረች፤ እጁ እጀታው ላይ ቀረ።

«አረንጓዴውን ስለጥፍባት የማን እንደሆነች አውቄያለሁ» አለች። አንቱታው በመስኮት ወጥቶ ሄዷል። «ደምህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። ሕጉ ነውና ለማንም አልተናገርኩም። ግን ደስ ብሎኝ ነበር የለጠፍኩት። ሞኝ ነኝ፤ ኮርቼብህ ነበር።»

ከረጢቷን አነሳች። ከመሳቢያው ቀይ ምልክት አውጥታ በአረንጓዴው ላይ ደርባ ለጠፈችው፤ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ዳር ዳሩን አጣበቀችው። ከዚያ ከዚያው መሳቢያ የናሙና ቱቦ አወጣች። ሁለት ቱቦ። አንዱን ከፊቱ አስቀመጠች፤ ሌላውን ከራሷ ፊት።

«እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። ካሜራ የለም፤ ፈገግ ያለም የለም። የክንዱን ማሰሪያ ጎማ አጥብቃ አሰረች፤ ሥሩን በጣቷ ፈለገች።

«ዛሬ ምንም ላያሳይ ይችላል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከሳምንታት በኋላ እንደገና እንቀዳለን። ከዚያም እንደገና። እስከዚያ ሁለታችንም ምን እንደሆንን አናውቅም።»

«አውቃለሁ።»

መርፌው ገባ። ደሙ ወደ ቱቦው ሲወርድ ሁለቱም ደሙን እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም።

«ከማን እንደሆነ አልጠይቅህም» አለች። «የት እንደሆነም አልጠይቅህም። ለምን? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

በሕይወቱ ንግግር ቸግሮት የማያውቀው ሰውዬ ቱቦው እስኪሞላ ጠበቀ። መርፌውን ነቅላ ጥጥ ስትሰጠው ተቀበለ፤ ክንዱ ላይ ጫነው።

«አላብራራም» አለ፤ ዓይኑ ‹ለምን› የማይባልበት ነጩ ስልክ ላይ ነበር።